ሙባረካ ኡመይርና የተሰረዙት ድምፆች

ሙባረካ ኡመይርን እማያውቅ ሰው መተማን አውቃለሁ ቢለኝ፣ ውሸታም ነህ ብዬ ፊቱ ላይ እነግረዋለሁ። መናኸሪያው አጠገብ፣ ባጃጆቹ እሚቆሙበት ዘንድ፣ በሩ ሰማያዊ ቀለም የተቀባ ክፍል አለ። እዚያ ታገኟታላችሁ። ቶቧን፣ የሱዳን መከናነቢያዋን፣ ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ፣ ካቻቢቴ በጥርሷ ነክሳ፣ የተፈታ ስልክ ላይ አቀርቅራ። ከዚያ ትጣላችኋለች። ምን አድርገናት እንዳትሉ፤ ምንም ባታደርጓትም ትጣላችኋለች። እኔን ቢሻውን፣ በዚህ ቆላ ማንም ቀና ብሎ እማያየኝን ሰውዬ፣ ስልኬን ወንዝ ጥዬ ያወጣሁት ጊዜ ምን አለችኝ?

"አያ ቢሻው፣ ስልክ ነው ወይስ ዓሣ ነው ያመጡልኝ?"

ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔም ሳቅኩ። ሌላ ሰው ብሎኝ ቢሆን ግን ያን ቀን መተማ አንድ ሰው ይጎድላት ነበር።

ይሄን እማወራው ተናድጄ ነው። ሰሞኑን በየሻይ ቤቱ "የድርጅቱን ማሽን ያበላሸች ሴት" እያሉ ያነሷታል። ያጠፋው ሌላ፣ ስሙ እሚጎድፈው የሷ! እኔ ነገሩን ከጅምሩ እስከ መጨረሻው ቁጭ ብዬ አይቻለሁ። ፊደል አልቆጠርኩም፤ ዓይን ግን አለኝ፣ ጆሮም አለኝ። ምላሴንም እምታውቁት ነው።

አባቷ ኡመይር ሳሙናና ስኳር፣ የሱዳን ሽቶና ብትን ጨርቅ እሚነግድ ጭምት ሰው ነበር። እኔና እሱ ሱዳን፣ ገዳሪፍ ድረስ አብረን የተመላለስን ሰዎች ነን። ያኔ መንገዱ መንገድ አልነበረም። ጥቁሩ አፈር ዝናብ ሲነካው መኪና ይውጣል። እኔ ማሲ ትራክተሬን አስነስቼ እየጎተትኩ አወጣ ነበር። አንድ ጊዜማ ሰሊጥ ሞልቶ የተጫነ ተሳቢ፣ ሹፌሩ ላዩ ላይ ተቀምጦ እያለቀሰ፣ ሱዳኖቹ "ይሄ አይወጣም" ብለው ሻይ አፍልተው ሲጠጡ፣ ብቻዬን ጎትቼ አውጥቼ ብርጭቋቸውን ገለበጥኩባቸው። አሁንም ድረስ ከድንበሩ ማዶ ገላባት ላይ ያወሩታል። ተውኝ፣ እሱን የጀመርኩት እኔ አይደለሁም፣ ኡመይር ነው ያመጣው።

ኡመይር ልጁን ባንኮኒ ጀርባ ሊያስቀምጣት ፈለገ። እሷ ገና ልጅ ሆና ሬዲዮኑን ፈታችበት። ገጠመችው፤ ደግሞ ፈታችው። ሊመታት እጁን ሲያነሳ ሬዲዮኑ ዜና ማውራት ጀመረ። ሰውዬው እጁን እንዳነሳ ቆሞ ዜናውን እስከ መጨረሻው አዳመጠ። ከዚያ ወዲያ አልነካትም።

በኋላ ገዳሪፍ ላለ ነጋዴ ዳሯት። ክፉ ሰው አልነበረም ትላለች እሷ ራሷ። ግን "ሚስቴ የወንድ ስልክ ስትከፍት አላይም" አላት። በሳምንቱ ሻንጣዋን ተሸክማ በእግሯ ድንበሩን ተሻግራ መጣች። የአባቷ ደጅ ላይ ቆማ፣ "አባ፣ ካቻቢቴዬን ይዤ መጥቻለሁ፣ ሰውዬውን እዚያው ትቼዋለሁ" አለችው። ኡመይር ምን ይበል? መደብሩ ጎን ያለችውን ክፍል ከፈተላት።

እዚያ ክፍል ውስጥ ነው ድርጅቱ ማሽኑን ያስቀመጠው።

ድርጅቱ የመጣው በሳሉጉ ምክንያት ነው፤ ሳሉጉን ከናቱ ጋር በድምፅ ሊያገናኝ። ሳሉግ እምንለው ለሰሊጥ አጨዳ ከደጋ እሚወርደውን የቀን ሠራተኛ ነው። ከጎጃም ይመጣል፣ ከወሎ ይመጣል፣ ከወገራ ይመጣል። መናኸሪያው ላይ ካቦ፣ የሠራተኛ አለቃ ማለቴ ነው፣ ይይዘውና ትራክተር ተሳቢ ላይ ይጭነዋል። ከዚያ በቃ። ወባ ይጣለው፣ እባብ ይንደፈው፣ ሠርቶ ይክበር፣ እናቱ እምታውቀው የለም። እኔም ካቦ ሆኜ ኖሬያለሁ። እኔ ዘንድ የገባ ሳሉግ ግን ጠፍቶ አያውቅም፤ ፀጉሩን ሳይቀር አውቀው ነበር።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ሳሉጉ ከመኪና ሲወርድ ሙባረካ ዘንድ ይገባል። እናቱ እምትደውልበትን ቁጥር ይነግራታል። ከዚያ ማይኩን ይዞ "እማ፣ ደርሻለሁ፣ እዚህ ቦታ ልሄድ ነው" ብሎ ይናገራል። ድምፁ ማሽኑ ሆድ ውስጥ ይቀመጣል። ሰርቨር ነው እሚሉት። እናቱ ከደጋ ስትደውል ማሽኑ በቁጥሯ ያውቃታል። የልጇ ድምፅ ካለ ስልኩ ይጠራል፤ ትንሽ ጠርቶ ይነሳና ድምፁን ያሰማታል። ከሌለ ግን ጭራሽ ሳይጠራ አንዲት ሴት "በዚህ ቁጥር የተቀመጠ ድምፅ የለም" ትላታለች።

አሁን ይቺን ልብ በሉልኝ። የደጋ እናት የስልክ ካርድ ከየት ታመጣለች? ስልኩስ የሷ ነው? የጎረቤት ነው፣ የቄሱ ነው። ስለዚህ ትደውላለች፤ ሲጠራ "ተመስገን፣ ልጄ አለ" ትላለች፤ ሳይነሳ ትዘጋዋለች። ካርዱ አልተነካ፣ ልቧ አረፈ። በሰንበቱ ደግሞ ትደውላለች። ድምፁን አትሰማውም፤ ጥሪው በቂዋ ነው። ይሄን ማንም አላስተማራቸውም፤ እናቶቹ ራሳቸው ያመጡት ዘዴ ነው። መተማ ላይ ሻይ አፍይዋ ሳትቀር ታውቀዋለች።

ሙባረካ ማሽኑን እንዴት እንደያዘችው ብታዩ! የኛን ሙቀት ታውቁታላችሁ፤ ብረት በእጅ አይነካም። ዚሩን፣ የውሃ ጋኑን ማለት ነው፣ አጠገቡ አስቀመጠች። ጆንያ እየነከረች ዙሪያውን ሰቀለች፣ በጆንያው ላይ ማራገቢያ አስነሳችበት። እሷ በላብ ትጠመቃለች፣ ማሽኑ ነፋስ ይቀበላል። ባጃጅ ነጂዎቹ "ሙባረካ ወለደች፣ ልጁ ግን ሳጥን ይመስላል" እያሉ ይቀልዱባታል። እሷም "ከናንተ ይሻላል፣ ሲያዙት ይሰማል" ትላቸዋለች።

ንዴቴ እሚጀምረው ከዚህ ነው።

የድርጅቱ አለቃ አቶ ማስተዋል ይባላል፣ ቢሮው ጎንደር ነው። ልዋሽ አልወድም፣ ትሁት ሰው ነው። እኔ ስገባ ወንበሩን ይለቅልኛል። ከአጨዳው በፊት መጣና ላፕቶፑን ከፈተላት።

"ሙባረካ፣ ከእንግዲህ አትቸገሪም። ማሽኑን እሚያስተዳድር ኤጀንት አምጥተናል።"

"ኤጀንት? ቤይሩት ሊልከኝ ነው?"

ሳቀ። "ኤአይ ነው፣ ሰው አይደለም። በዚች መሣሪያ በኩል ከሩቅ ገብቶ ሰርቨሩ ላይ ትዕዛዝ ይሰጣል። አንቺ እየጻፍሽ እምታዢውን ሁሉ እሱ ራሱ ያዛል፣ መልሱን ያነባል፣ ሌላ ያዛል።"

"የት ተቀምጦ?"

"የትም።"

"እንዴት የትም? ቤቴ ገብቶ እሚያዝ የት እንዳለ ላላውቅ ነው? ሲያጠፋ ማንን ልስደብ?"

"እኔን ስደቢኝ። ደግሞ ከባድ ነገር ሲሆን ዝም ብሎ አያደርግም፤ 'ይሄን ላድርግ ወይ?' ብሎ ይጠይቃል። አድርግ ሲባል ነው እሚያደርገው።"

"ማንን ነው እሚጠይቀው?"

"እኔን። ኃላፊው እኔ አይደለሁ?"

"ማሽኑ ያለው እዚህ፣ ሰዉ ያለው እዚህ፣ ጥያቄው ጎንደር!"

እኔም ዝም አላልኩም። ዝም ማለት አልችልበትም። ካቦ ሳለሁ አንድ ሕግ ነበረኝ። ባለ እርሻው ከተማ ተቀምጦ "ያንን ማሳ እጨዱ" ብሎ ሰው ቢልክብኝ፣ ማሳው ዳር ቆሜ ሰሊጡን ሳላይ አንድም ማጭድ አይነሳም። ባለ እርሻው የደረሰ ይመስለዋል። ሳይደርስ ካጨዱት ገለባ ነው እሚሆነው፤ ካለፈበት ደግሞ ይፈነዳና መሬት ይበላዋል። አንድ ባለ እርሻ በዚህ ተናዶ ሽጉጡን አውጥቶብኛል። "ተኩስ፣ ሰሊጥህ ግን ገና ነው" አልኩት። አልተኮሰም። ልጁን ሲድር ቀኙ ያስቀመጠው ማንን መሰላችሁ?

"አቶ ማስተዋል፣ ይሄ የቀጠርከው ማሳውን ያያል?" አልኩት።

"ያያል አያ ቢሻው። ማሽኑ ውስጥ ያለውን ሁሉ ያያል።"

"ሰዉንስ?"

ፈገግ አለና ሻይ አዘዘልኝ። ሻዩን ጠጣሁት፤ መልሱን ግን እስካሁን አልሰጠኝም።

መጀመሪያ ላይ ደግ ሠራ። እውነቱን ልናገር። መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ማሽኑን እሚያስነሳው እሱ ሆነ። አንድ ቀን ሙባረካ ጠርታኝ ስክሪኑን አሳየችኝ፤ ማንም ሳይነካው ጽሑፉ ይወርዳል፣ ይወርዳል። "ወላሂ አያ ቢሻው፣ ያናድደኛል እንጂ ጎበዝ ነው" አለችኝ። እኔ ግን ቤት ውስጥ ኮቴው እማይሰማ ሰው ሲዞር ደስ አይለኝም።

አጨዳው ደረሰ። ሳሉጉ እንደ አንበጣ ወረደ። መንገድ ተዘግቶ የከረመው ሁሉ በአንድ ጊዜ መጣ። ማሽኑ ጠገበ። ያ ኤጀንት እሚሉት ደግሞ ይጠይቃል፤ ማስተዋል ምሳ ሲበላ ይጠይቃል፣ ስብሰባ ላይ ይጠይቃል፣ የእህቱ ሰርግ ላይ ይጠይቃል። "ላድርግ? ላድርግ?" ሰውዬው ሰለቸው። እኔ እማልሰለቸውን እሱ ሰለቸው! ሳሉግ ቀኑን ሙሉ "ካቦ፣ ይሄን ልጨድ? ያንን ልተው?" ሲለኝ እየዋለ፣ አንዱን ቀን እንኳ "እንደፈለግህ" ብዬ አላውቅም። ማስተዋል ግን "ሁለተኛ አትጠይቀኝ" እሚል ቦታ አለ፣ እሱን ተጫነ። ከዚያ "ማሽኑ ሞልቷል፣ ቦታ አስለቅቅ" ብሎ አዘዘውና ወደ ሰርጉ ተመለሰ።

ኤጀንቱ ማሽኑን ፈተሸ። የትኛው ድምፅ ነው ሰው ያልሰማው? አየ። ማንም ያልሰማውን ማንም አይፈልገውም ብሎ ጠረገው። ሻዬን እፍ እስክል ድረስ አለቀ። የተረፈው ካርድ ያላቸው እናቶች ልጆች ድምፅ ብቻ። የድሃዋ ልጅ ሁሉ ተጠረገ።

እኛ ምን እናውቃለን? አዲስ እሚወርደው ሳሉግ ድምፁን እየሰጠ ያልፋል፤ ማሽኑ ይሠራል፤ ሙባረካ ጆንያዋን ትነክራለች። ደጋ ላይ ግን ሰንበት መጣ። እናቶቹ ደወሉ። ጥሪ የለም። ሴትዮዋ "የለም" አለች።

ባየሽን ያገኘኋት እኔ ነኝ። መናኸሪያው ራኩባ ሥር፣ የሣር ጥላው ሥር ማለቴ ነው፣ ተቀምጬ ሳለ ከአይሱዙ ላይ ወረደች። ደገኛ መሆኗ ከርቀት ያስታውቃል፤ በዚያ ሙቀት ጋቢ ለብሳለች። ጋቢውንም ጥቁር አስነክራዋለች። ቀጥ ብላ ወደኔ መጣች።

"አባቴ፣ የሞተ ሳሉግ እምትቀብሩት የት ነው?"

እኔ ብዙ ነገር ተጠይቄ አውቃለሁ። ይሄን ግን ተጠይቄ አላውቅም።

"ምነው እመት? ማን ሞተብሽ?"

"ልጄ። አንዱአምላክ። አጥንቱን ልወስድ ነው የመጣሁ።"

"ሞቷል ብሎ ማን ነገረሽ?"

"ሴትዮዋ።"

"የቷ ሴትዮ?"

"የስልኳ ሴትዮ ናታ። በየሰንበቱ ይጠራ ነበር። አሁን 'የለም' አለችኝ። ሦስቴ ደወልኩ፣ ሦስቴም 'የለም' አለችኝ፤ ድምጿ እንኳ አላዘነም። የመንደሩ ሴት ሁሉ እንደዚያው ነው የተባለች። አንድ መኪና ሙሉ ልጅ ገደል ገብቷል ብለን ተቀመጥን።"

እጇን ይዤ ሙባረካ ዘንድ ወሰድኳት። ሙባረካ ስትሰማ መጀመሪያ አልደነገጠችም። "ተበላሽቶ ይሆናል እናቴ፣ ቆይ ልየው፣ ይቀመጡ" ብላ ስክሪኑን ከፈተች። ከዚያ ካቻቢቴው ከአፏ ወደቀ። ስልኳን አንስታ ደወለች፤ እኛ እንድንሰማ ድምፁን ለቀቀችው።

"አቶ ማስተዋል፣ ድምፆቹ የት ሄዱ?"

"የትኞቹ?"

"የትኞቹ ይለኛል! የሰው ልጆች!"

"ቆይ... አዎ። ኤጀንቱ ቦታ አስለቅቋል። ያልተደመጡትን ብቻ ነው ያጠፋው፣ አይዞሽ። አንድም ሰው ሰምቷቸው አያውቅም።"

"ይደውላሉ እኮ!"

"ይደውሉና ሳይነሳ ይዘጉታል። እዚህ ይታየኛል። አልፈለጉትም ማለት ነው።"

"ካርድ የላቸውማ! ሲጠራ ልጃቸው አለ ማለት ነው! ሳይጠራ ሲቀር ሞቷል ማለት ነው! እዚህ ፊቴ አንዲት እናት ጥቁር ለብሳ ተቀምጣለች፣ ይሰማሃል?"

የእህቱ ሰርግ መልስ ላይ ነው መሰል፣ ከሩቅ ከበሮ ይሰማል።

"ይሄን አላውቅም ነበር" አለ።

"መቼ ጠየቅኸኝ? እሱስ ጠየቀህ?"

"አትጠይቀኝ ብዬው ነበር።"

"ጎንደር ያለው ቅጂስ?"

"እዚህ የጠፋ እዚያም ይጠፋል። እንደዚያ ነው የተሠራው።"

ባየሽ የሰማችውን አልገባትም። የሙባረካን ቶብ ጫፍ ይዛ "ምን አለ? ልጄ አለ?" ትላለች። ያቺ ምላሰኛ፣ ያቺ ለማንም እማትመለስ ሴት፣ ቶቧን ሳታስለቅቃት ወደ ስክሪኑ ዞረች።

ይህን ጊዜ ስክሪኑ ላይ ጽሑፉ ደግሞ መውረድ ጀመረ።

"ምን እያደረገ ነው?" ብላ ጮኸች ሙባረካ።

"መልሶ እንዲፈልጋቸው አዝዤዋለሁ።"

"አይንካው! አስቁመው! በላዩ ላይ ሌላ ይጥልበታል!"

ለኔ በኋላ እንዲህ ብላ አስረዳችኝ። መጋዘን ውስጥ ጆንያው ላይ የባለቤቱ ስም በቀለም ይጻፋል አይደል? ማሽኑ ሲሰርዝ ስሙን ነው እሚፍቀው። ሰሊጡ እዚያው ነው፤ ግን ቦታው ባዶ ነው ተብሎ ሌላ ሰሊጥ ይገለበጥበታል። ያኔ ነው እሚጠፋው። ስለዚህ መጋዘኑን መቆለፍ ነው፣ ማንም እንዳይገባ።

"ሙባረካ፣ ሰርቨሩን እንዳታጠፊው!" አለ ማስተዋል። "የሳንጃም የሽንፋም መስመር በሱ ላይ ነው። ካጠፋሽው ሥራሽን አታገኚውም፣ እነግርሻለሁ።"

ተነሳች። ገመዱን ከግድግዳው ነቀለችው። ማሽኑ ዝም አለ፣ ማራገቢያው ብቻ ቀረ። ስልኩን አፏ አጠገብ አድርጋ፣ "ያጠፋሁት እኔ ነኝ። ሙባረካ ኡመይር። ማን አጠፋው ሲሉህ 'ራሱ ነው' እንዳትል፤ ስሜን ጥራ" አለችውና ዘጋችበት።

እልል ልል ቃጥቶኝ ነበር። ባየሽ ስላለች ተውኩት።

የማሽኑን ሆድ ፈታ ድምፆቹ ያሉበትን ዕቃ አወጣች። ከራሷ አሮጌ ላፕቶፕ ጋር አገናኘችው፤ ሳትጽፍበት ብቻ እየፈተሸች። ቀኑን እንዲሁ ዋለች። እኔ ጆንያ እየነከርኩ ሰጠኋት። አዎ፣ እኔ ቢሻው ጆንያ ነከርኩ፤ እሚስቅ ካለ ይምጣ። በማግስቱ ረፋዱ ላይ ድምፆቹ መምጣት ጀመሩ። ግን ያለ ስም። የማን ልጅ እንደሆነ፣ የየትኛዋ እናት ቁጥር እንደሆነ የለም። ሳሉጉ ደግሞ ስሙን አይናገርማ! ለናቱ ነው እሚያወራ፤ "እኔ ነኝ እማ" ብቻ። አንዳንዱ ግማሹ ተቆርጧል። አንዳንዱ ጭራሽ እንደ ንብ ይጮሃል።

"እናቴ፣ አንድ በአንድ መስማት ነው" አለቻት ሙባረካ። "የርስዎን ልጅ ከርስዎ በቀር እሚለይ የለም።"

ባየሽ ጆሮዋን ከላፕቶፑ ጋር የተያያዘው የድምፅ ማጉያ ሳጥን ላይ ደቅና ተቀመጠች።

"እማ ደርሻለሁ፣ እንዳታስቢ..."

"ይሄ የወሎ ልጅ ነው" አለች። "ቀጥይ።"

"እማ፣ ሥራው ቀላል ነው፣ ምግቡም ጥሩ ነው..."

"ይሄ ይዋሻል። አልበላም። እናቱ ብትሰማው ታውቅበት ነበር። ቀጥይ።"

"እማዬ፣ ላሟ ወለደች? በሬውን እንዳትሸጪው..."

"ይሄ ጉንፋን ይዞታል፣ አፈር ልብላለት።"

አንዱ ምንም ሳይናገር ይተነፍስና ያለቅሳል። እሱ ላይ "መልሺልኝ" አለች። መለሰችላት። ደግሞ ሰማችው። "የኔ አይደለም" ብላ እሷም አለቀሰች። እንዲህ ስትል የሰው ልጅ ሁሉ በጆሮዋ አለፈ። ባጃጅ ነጂዎቹ በሩ ላይ ቆመው ቀልዳቸውን ረሱ። እኔ ግን ንዴቴ ወደ ላይ ወደ ላይ ይወጣ ጀመር። ይሄን ሁሉ ነው "ማንም አይፈልገውም" ያለው!

ከዚያ አንዱ መጣ። "እማ፣ እኔ ነኝ። ከሽንፋ ወንዝ ማዶ፣ ትልቁ ዲማ ዛፍ ያለበት እርሻ ልሄድ ነው። ትንሽ ያተኩሰኛል፣ ይተወኛል። አይዞሽ እሺ?"

ባየሽ አልጮኸችም። በእጇ ሳጥኑን ዳበሰችው። "ይሄ ነው" አለች። ቀጥላ ደግሞ፣ "አተኮሰኝ ይላል። ብሰማው ኖሮ ያኔውኑ እመጣ ነበር" አለች። ካርዷን አስባ አልሰማችውም ነበር።

ሙባረካ ቀና ብላ አየችኝ። "አያ ቢሻው፣ መኪና!"

መኪና ለማግኘት መተማ ላይ የኔን ስም ከመጥራት ሌላ ምን ያስፈልጋል? የሰሊጥ ነጋዴ ፒካፕ አስነስቼ ባየሽን ጎኔ አስቀምጬ ነዳሁ። ሹፌሩ ከኋላ ሆኖ "ቀስ ይበሉ አያ" ሲለኝ፣ አንተ ሳትወለድ ይሄን መንገድ የከፈትኩት እኔ ነኝ አልኩት። የትኛው እርሻ እንደሆነ ዲማው ከሩቅ ነገረን።

ልጁ ዳሱ ውስጥ ተኝቷል። ሰሊጡ ዙሪያውን ታስሮ ቆሟል፣ ጓደኞቹ አጨዳ ላይ ናቸው፣ ራሱ ሥር የውሃ ጀሪካን አለች። ሆዱ ተነፍቷል፣ ፊቱ የአመድ መልክ ይዟል፣ እጁ ቆዳ ብቻ ሆኗል። ካላዛር ነው፣ በአሸዋ ዝንብ እሚመጣው የቆላ በሽታ። ካላዛርን እኔ ሳላውቅ ማን ሊያውቅ! ካቦውን "ለምን አላወረድከውም?" ብዬ አንገቱን ያዝኩት፤ "ወባ መስሎኝ፣ ኪኒን ሰጥቼዋለሁ" ይለኛል። ባየሽ ልጇን ገና ስታየው እሱኑ አንድ ጥፊ አቀመሰችው። ከዚያ ጥቁሩን ጋቢ ከላይዋ ገፍፋ አልብሳው አቅፋው ቀረች። ልጁ "እማ፣ ሙቀት ነው እኮ" ይላል።

ሆስፒታል አስገባነው። ሐኪሙ "ትንሽ ቢቆይ ኖሮ" ብሎ ወደ ልጁ ዞረ። ቀሪውን እኔ ልጨርስለት? ትንሽ ቢቆይ ኖሮ ባየሽ ለአጥንቱ በመጣችበት አጥንቱን ትወስድ ነበር። ድምፁ ማሽኑ ሆድ ውስጥ ነበር፣ ተጠረገ፣ ሙባረካ ገመዱን ባትነቅል ደግሞ ለዘለዓለም ይሄድ ነበር።

ማስተዋል ከጎንደር ሲመጣ ከሆስፒታል ተመልሰን ክፍሏ ውስጥ ተቀምጠናል። ከመኪናው ሳይወርድ ወሬው ቀድሞት ደርሷል፤ "ሙባረካ ማሽኑን አበላሸች፣ ተባረረች።" ገባ። ዛሬ ወንበር የለቀቀለት ሰው የለም።

"ስለ ገመዱ አልመጣሁም" አለ ቆሞ። "ጥሩ አድርገሻል። ለሁሉም እናቶች ይቅርታ መጠየቅ አለብን። ኤጀንቱ ለሁሉም አንድ መልእክት አዘጋጅቶ እንዲልክ..."

"እንዳትጨርሰው!" አለች። ክፍሉ ተንቀጠቀጠ። "እሱ ይላክ? እሱ ይቅርታ ይበል? 'ሁለተኛ አትጠይቀኝ' ያለችው ጣት የማን ናት?"

"የኔ።"

"እንግዲያ ተቀመጥ። ደውል።"

የደዋዮቹ ቁጥር ማሽኑ ውስጥ ተርፏል፤ የማን ድምፅ ተመለሰ፣ የማን አልተመለሰም፣ እሱን ነው ማንም እማያውቀው። የራሷን ስልክ አውጥታ አንዱን ቁጥር መታችና እጁ ላይ አስቀመጠችለት። እኔ በሩ ላይ ዱላዬን ተደግፌ ቆምኩ፣ ቢነሳ ላስቀምጠው።

ከወገራ ነው። አሮጊት አነሳች። ከበስተኋላዋ የለቅሶ ድንኳን ድምፅ ይሰማል።

"እናቴ፣ ማስተዋል እባላለሁ፣ የስልኩ አገልግሎት ኃላፊ ነኝ። የልጅዎ ድምፅ የጠፋው በኔ ጥፋት ነው። 'የለም' የተባሉት ሞቷል ማለት አይደለም።"

"አይደለም?" አለች። ከዚያ ለሰዉ ጮኸች፣ "አይደለም ይላል! ዝም በሉ፣ አይደለም ይላል!" ለቅሶው ቆመ። "ታዲያ ልጄ አለ?"

ማስተዋል ሙባረካን አያት። እሷ መልሳ አየችው እንጂ አልረዳችውም።

"አላውቅም እናቴ።"

"ድምፁስ አለ?"

"እሱንም አላውቅም።"

"እንግዲያ ምን ልትለኝ ደወልክ?"

ላቡ ከአፍንጫው ጫፍ ላፕቶፑ ላይ ይንጠባጠባል። አሮጊቷ ትንሽ ጠበቀችውና ዘጋችበት።

ሙባረካ ስልኩን ከእጁ ወስዳ ቀጣዩን ቁጥር መታችና መልሳ ሰጠችው።